ስምንት ምት

«አባቴ እየለገመ ነው።»

ባየው ይህን የሰማው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የግራ ካልሲውን በእጁ እንደያዘ ነው። ድምፁ የልጁ የቅድስት ነበር። የእሷን ክፍል ከእሱና ከሚስቱ ክፍል የሚለየው አንድ ችፑድ ብቻ ነው፤ ችፑዱ ደግሞ ወሬ ከልክሎ አያውቅም፤ የደብረ ብርሃንን ብርድም ቢሆን በወጉ አይከለክልም። ልጅቷ ስልክ እያወራች ነው። «አዎ ዶክተር... ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ... የደረት ቀበቶውን ቀይሬያለሁ፣ ባትሪውንም ቀይሬያለሁ... አይ፣ መሣሪያው አይደለም። ሰውየው ነው። አባቴ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሜትር ከልቡ አይሮጥም።» ባየው ካልሲውን አገላብጦ ተመለከተው። ባለፈው ረቡዕ ያቺን የመጨረሻ ሁለት መቶ ሜትር ሮጦ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተንበርክኮ፣ የጠጣውን በሶ እንዳለ መልሶታል። ከልብ የሚወጣ ነገር ከዚያ በላይ ካለ ምን እንደሆነ አላወቀም።

ቅድስት በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈና ሩጫ ያልለመዱ ስድስት ሰዎች መልምላ፣ ስምንት ሳምንት ሙሉ በልብ ምታቸው እየመራች አሩጣቸዋለች። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ሁለት አስተማሪዎች ተገኙ፤ ስድስተኛው ጠፋ። ስድስተኛው ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለው አባት ትዝ ይላል። ጤና ጣቢያ ወስዳ ልቡን አስመረመረችው፤ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ቀበቶውን ደረቱ ላይ አሰረችለትና ሰዓቱን እሷ ራሷ አጠለቀች፤ የእሱ ልብ በእሷ ክንድ ላይ ይነበባል። አሠራሩ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ የሰውየው ዕድሜ ይቀነሳል፤ የሚተርፈው ልቡ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛ ምት ነው ተብሎ ይገመታል። እሱ ቁጥር በአምስት ዞን ይከፈላል። ዞን አንድ ከመራመድ እምብዛም አይለይም፤ ዞን አምስት ነፍስ ለመስጠት ጥቂት የቀረው ነው። አብዛኛው ልምምድ በዞን ሁለት መሆን አለበት፤ ዞን ሁለት ማለት ሰው እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ፣ ነጥብ አስቀምጦ፣ ሌላ የሚጀምርበት ፍጥነት ነው። «ወሬ የተቋረጠ ዕለት ዞን ሁለት አልቋል» ትላለች ቅድስት።

የባየው ሒሳብ አልገጠመም። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ሃምሳ አራት ሲቀነስ መቶ ስልሳ ስድስት ነው። የባየው ልብ ግን በሦስት ፈተና መቶ ሃምሳ ስምንት፣ መቶ ሃምሳ ሰባት፣ መቶ ሃምሳ ስምንት ላይ ደርሶ እንደ ገደል አፋፍ ቆመ። ይህስ ይሁን፤ ቀመሩ ግምት ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል ብለዋል አማካሪዋ ዶክተር ወልደአረጋይ። የከፋው ዞን ሁለት ነው። ሌሎቹ አምስቱ በዞን ሁለት እየሮጡ ስለ ሲሚንቶና ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ ሾፌሩማ ይዘፍናል። ባየው በስምንት ሳምንት ውስጥ በዞን ሁለት የተናገረው ቃል «እ» ብቻ ነው። ዶክተሩ የመጨረሻውን ቃል ሰጡ፦ ይህ ሰው ለምን እንደማይገጥም እስከ ሰኞ ትገልጫለሽ፣ አለዚያ ታወጪዋለሽ። ስድስተኛው ከወጣ አምስት ይቀራል፣ ከስድስት በታች የትምህርት ክፍሉ አይቀበልም፣ ቅድስት ዘንድሮ አትመረቅም ማለት ነው።

ባየው የጎደለው ስምንት ምት የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የጎደለ ነገር የት እንዳለ ያውቃል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት የወጣው የሥራ ማስታወቂያ «ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት ያልበለጠ» ይል ነበር። ባየው ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሃያ አምስት ብል የተሰላ ይመስላል ብሎ ሃያ አንድ አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ወረቀትን እየወለደ ሄደ፦ ከቅጥር ደብዳቤው መታወቂያው፣ ከመታወቂያው የጡረታ ቁጥሩ፣ ከሱ ደግሞ ሌላው ሁሉ። በእውነቱ ቢሆን ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊያልፈው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የሺን ሲያጭ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በፋይሉ መሠረት ሃያ ሰባት ልበላት አለና ፊቱ እምቢ አለው፤ ሠላሳ አምስት እንዳይል ደግሞ ልቡ እምቢ አለው፤ ሠላሳ አንድ አላት። በዚህ ዓይነት ባየው ሦስት ዕድሜ ያለው ሰው ሆነ፦ ለመሥሪያ ቤቱ ሃምሳ አራት፣ ለሚስቱ ሃምሳ ስምንት፣ ለራሱ ስልሳ ሁለት። ቅድስት የጥናቱን ቅጽ ዘርግታ «ዕድሜ?» ስትለው ቅጽ ፊት ሁልጊዜ የሚለውን አለ፤ «ሃምሳ አራት።» የሺ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ ሳል አለች። እሷ የምታውቀው አራት ዓመት እንደተቀነሰ ብቻ ነው፤ አራት ዓመት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነው ብላ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሥራዋን ቀጠለች።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ሩጫ አላነሣም። ባየው በሶውን ይጠጣል፣ ቅድስት ደብተሯን ትገልጣለች፣ የሺ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ኮሌታ ትተኩሳለች። ከጠረጴዛው ራስ ትላንት ማታ ከአንኮበር የገባችው የባየው ታላቅ እህት በሰለች ተቀምጣለች። ለሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት። ባየው እህቱን ይወዳታል፤ እሷና የዕድሜ ወሬ በአንድ ቤት ሲገናኙ ግን አይወድም። መዝገብ ቤት ሲቃጠል አይቷል፣ በዝናብ ሲበሰብስ አይቷል፤ የበሰለች ራስ ግን የማይቃጠልም የማይበሰብስም መዝገብ ቤት ነው። ስለዚህ እሷ በመጣች ቁጥር ማንም «በዚያን ጊዜ» ብሎ ሲጀምር ባየው ቶሎ ብሎ ስለ በግ ዋጋ ይጠይቃል። ዛሬም ጠየቀ።

«በግማ አይቀመስም» አለች በሰለች። «አንተ ግን ምን ሆነህ ከሳህ፣ ባዬ?»

«ስፖርት ነው፣ እትዬ» አለች ቅድስት። «ዛሬ የመጨረሻ ፈተና አለው። ከልቡ ከሮጠ።»

«አባትሽ ለግሞ አያውቅም» አለች የሺ፣ ከካውያው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። እሷም በችፑዱ ሰምታለች ማለት ነው።

በሰለች እኔም ሄጄ ካላየሁ አለች። ሰው የሚያሳድደው ሳይኖር ሲሮጥ አይታ አታውቅም። ከበሬሳ ወንዝ ወዲህ ያለው መስክ ድረስ ሦስቱም በባጃጅ ሄዱ፤ በሰለች ባናዋን ተከናንባ በመሐል፣ ባየው በቀኝ፣ ቅድስት በግራ፣ የባየው ልብ በቅድስት ክንድ ላይ ሰማንያ አንድ እያለ። በሰለች ሰዓቱን አየችና «ይቺ ሰዓት ትቸኩላለች» አለች። የልብ ምት መሆኑን ስትነግራት የወንድሟን ደረት ትኩር ብላ አየች፤ «ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው?» አለች። መስኩ ላይ ደርሰው ቅድስት ዞኖቹን ስታስረዳት ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ሰሜን ሸዋ ስንተኛው ነው?»

ፈተናው አጭርና ጨካኝ ነው። ሃያ ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሦስት ሦስት ደቂቃ እየጨመሩ መሮጥ፣ በመጨረሻ እስከሚቻለው ድረስ ሁለት መቶ ሜትር። ቅድስት ከጎኑ ትሮጣለች፤ አንዳንዴም ፊቱ ቀድማ ወደ ኋላዋ እየሮጠች ዓይኑን ታየዋለች። ለአንድ አባት ከዚህ የከፋ ነገር የለም፦ ልጁ ወደ ኋላ እየሮጠች እሱ ወደ ፊት ሮጦ አለመድረስ። ማሟሟቂያው ላይ ሰዓቱ መቶ አሥራ አራት አለ። «ዞን ሁለት ነህ፣ አባዬ። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። ባየው ሊነግራት የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ ከስምንት ሳምንት ወዲህ ሲያዘገየው የኖረ። አፉን ከፈተ። የገባው ብርድ ብቻ ነበር። «እ» አለ። ቅድስት ፍጥነቱን ጨመረች። በመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር «ግፋ!» ትለው ጀመር። «ግፋ፣ አባዬ! ግፋ! ገና ነህ! ግፋ!» ባየው ገፋ። ሰማዩ ጠበበ፣ ባሕር ዛፎቹ አንድ ላይ ገጠሙ፣ እግሮቹ የሌላ ሰው ሆኑ። መስመሩን አልፎ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

ቅድስት አጠገቡ ተንበረከከች። አንድ እጇ ትከሻው ላይ ነው፣ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ። «መቶ ሃምሳ ስምንት» አለች። ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። «አሁንም መቶ ሃምሳ ስምንት። አባዬ፣ እባክህ፣ ስምንቱን ምት የት አደረስከው?»

በሰለች ባናዋን ሰብስባ እየተጣደፈች መጣች። «ምነው ልጄ፣ ይህን ሽማግሌ ልትገድይው ነው እንዴ?»

«ሽማግሌ አይደለም፣ እትዬ። ገና ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው።»

«ማን?»

«አባዬ ነዋ።»

ባየው ከተዘረረበት ሆኖ «እትዬ፣ በግ ጫጫ ገበያ ላይ ስንት...» ብሎ ጀመረ፤ ግን ዞን አምስት ላይ የነበረ ሰው ዓረፍተ ነገር አይጨርስም።

«ሃምሳ አራትስ ገብረአብ ነው፣ የበኩር ልጄ» አለች በሰለች።

«አዎ፣ ጋሼ ገብረአብም ሃምሳ አራት ነው። በፋሲካ ከጣርማ በር መጥቶ ለጡረታ ስድስት ዓመት ቀረኝ ሲል ነበር። ከአባዬ ጋር እኩያ ናቸው።»

«እኩያ!» በሰለች ሳቀች፤ ጥቂት የቀሩት ጥርሶቿ ሁሉ ታዩ። «ገብረአብ ክርስትና ሲነሣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አቅፎ የወሰደው እኮ ይሄ አባትሽ ነው! አቀበቱን ሙሉ፣ ለማንም አልሰጥም ብሎ። እኔ ከኋላው ‹እንዳትጥለው! እንዳትጥለው!› እያልኩ።»

ቅድስት ደብተሯ ላይ መቶ ሃምሳ ስምንት ብላ ልትጽፍ ነበር፤ እስክሪብቶው ገና «1» ላይ ቆመ። ቁጥር የምትወድ ልጅ ናት፤ ቁጥር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ወደ አክስቷ አየች፤ ወደ አባቷ አየች። «ሁለቱም ሃምሳ አራት ከሆኑ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁለት የአርባ ቀን ሕፃናት ተቃቅፈው ነው አቀበቱን የወጡት?»

ባየው ተነሥቶ ተቀመጠ። የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ እንደገና አሰረ፣ የሌላውንም ፈታ። በመስኩ ማዶ አንድ ሰው ሁለት አህያ እየነዳ አለፈ። በሰለች አንድ ነገር ያበላሸች መሰላትና ትንሽ ራቅ ብላ ስለ ደመናው ማሰብ ጀመረች።

«አባዬ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ለማን?»

ቅድስት በዚህ መልስ መናደድ ነበረባት፤ አልሆነላትም። «ለልብህ» አለች።

«ስልሳ ሁለት።»

ቅድስት ደብተሩን ገለጠችና ሁለት መቶ ሃያ ጻፈች፣ ከሥሩ ስልሳ ሁለት ጻፈች፣ መስመር አሰመረች። መልሱን ሳትጽፈው ያወቀችው ይመስላል፤ እጇ ግን ጨረሰው፦ መቶ ሃምሳ ስምንት። ስምንት ሳምንት ሙሉ ዞን ሁለት ነህ እያለች ዞን ሦስት ውስጥ ስታስሮጠው ኖራለች፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገር ስትለው እሱ ትንፋሽ ሲለምን። ረቡዕ ባሕር ዛፉ ሥር ሲያስመልሰው ጀርባዋን ሰጥታ ማስታወሻ ስትይዝ ነበር። «ለገመ ብዬሃለሁ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«ችፑድ ነው እኮ፣ ልጄ።»

ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው፤ ምክንያቱም ሌላ ነገር ትዝ ብሏታል። ዶክተር ወልደአረጋይ ቁጥሩ ብቻ አይበቃቸውም። የተሳሳተው ቅጽ በአዲስ ቅጽ መተካት አለበት፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ፊርማ። ጽሑፉ ውስጥ ስም አይወጣም፣ ቅጹ ግን ይቀመጣል። ይህንን አንድ በአንድ ነገረችው፤ ባዶውን ቅጽም ከቦርሳዋ አወጣች። «ካልፈለግህ አወጣሃለሁ» አለች። «በሚቀጥለው ዓመት እመረቃለሁ። ምንም አይደለም።» «ምንም አይደለም» የምትለው ልክ እንደ እናቷ ነው፤ የሺ እንዲያ ስትል ነገሩ ከባድ መሆኑን ባየው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ተምሯል።

«የት ነው የሚቀመጠው?» አለ።

«ዶክተር ቢሮ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ቁልፍ አለው?»

ቅድስት አሰበች። «ያለው አይመስለኝም።»

ባየው ዓይኑን ጨፈነ። ቁልፍ የሌለው ቁም ሳጥን፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት የሙያ ሕመም። ወረቀት እንደማይጠፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቦታ ይሳሳታል እንጂ አይጠፋም፤ አንድ ቀን የሆነ ሰው ሌላ ነገር ሲፈልግ እጁ ላይ ይወጣል። እውነተኛ ዕድሜው እስከ ዛሬ የትም ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ያለው በእህቱ ራስና በገዛ ልቡ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ ዛሬ ተናገሩ። ልጁን አያት። አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቷል፤ ቅጹን የያዘችው ነፋስ ሊወስደው እንደሆነ ሁሉ በሁለት እጇ ነው።

«እስክሪብቶ» አለ።

ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስሙን ከነአያቱ ጻፈ። ዕድሜ የሚለው ላይ ሲደርስ «62» ጻፈ፤ ከዚያ፣ መዝገብ ቤት እንዳስለመደው፣ ማንም እንዳይደልዘው አጠገቡ በፊደል «ስልሳ ሁለት» ብሎ ጨመረበት። ፈረመ። ቀኑን ጻፈ።

«ምን እያስፈረምሽው ነው?» አለች በሰለች ከሩቅ። «መሬት ሸጠ?»

«ዕድሜ ገዛ፣ እትዬ» አለች ቅድስት።

በሰለችን ባጃጅ አሳፍረው ላኳትና እነሱ ወደ ቤት በሩጫ ተነሡ። ቅድስት ሰዓቱን እንደገና ሞላችው፤ አዲሱ ዞን ሁለት ከዘጠና አምስት እስከ መቶ አሥር ሆነ። ሩጫው እጅግ ቀርፋፋ ስለነበር እነዚያ ሁለት አህዮች ወንዙን ተሻግረው ሲመለሱ ጭነታቸውን እንደያዙ ቀደሟቸው፤ ነጂውም «በርቱ» አላቸው። ቁጥሩ መቶ ሦስት፣ መቶ አምስት፣ መቶ አራት አለ። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው ቅድስት፣ ከልማድ። ባየው አፉን ከፈተ። «አቀበቱ ላይ» አለ፣ «ገብረአብ አንድ ጊዜም አላለቀሰም፤ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ እናትሽ እንኳ አታውቅም ይህንን።» ነጥብ አስቀመጠ። ሌላ ጀመረ። የእናቱን ቤት ጣሪያ ነገራት፤ በሰለች ስትዳር የሙሽራዋን በቅሎ ጭራ ይዞ አልለቅም ማለቱን ነገራት፤ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የመብራት ማብሪያውን አሥር ጊዜ አብርቶ አሥር ጊዜ ማጥፋቱን ነገራት። ቅድስት በቤታቸው ውስጥ በወር የምትሰማውን የአባቷን ቃል በአንድ ኪሎ ሜትር ሰማች። አንድ ቦታ ላይ ሳቅ ይዟት የራሷ ትንፋሽ ተቆረጠ፤ እሱ ግን አልቆመም። ሰፈራቸው ሲደርሱ በታሪኩ ውስጥ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር።

«እማዬ ግን ታውቃለች?»

«ግማሹን።»

«ትነግራታለህ?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ዞን አንድ ስገባ።»

ወደ ዞን አንድ ግን አልገባም። ባጃጅ ቀድሞ እንደሚደርስ ሁለቱም ረስተውት ነበር። የቆርቆሮው በር ከፈት ብሎ፣ የሺ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደፉ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ በሰለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ያለ ወትሮዋ በጣም በጥንቃቄ ጣሪያውን ትመለከታለች። የሺ አልተቆጣችም። አፏ ውስጥ የነበሩትን ሦስት መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ቀሚሷ ላይ ሰካች።

«ባየው» አለች፣ «ገብረአብ ክርስትና ሲነሣ፣ አንተ ስንት ዓመትህ ነበር?»

ባየው ቆሟል። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም፣ እጆቹ አይንቀሳቀሱም። ቅድስት ክንዷን አየች። መቶ ሁለት። መቶ ዘጠኝ። መቶ አሥራ አምስት። ሰዓቱ ጢጥ አለ፤ ዞን ሦስት። መቶ ሃያ አንድ።

«ግፋ፣ አባዬ» አለች በቀስታ።